ከባሕር በታች ስላለው የዘይት ጉድጓድ



ከመካነ ሰላም ወጥቶ በዐባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው፥ ወንዙን ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ከእግሩ በታች ያየዋል። ይህ ገደል እስከ አፉ ድረስ ውሃ ሞልቶበት፥ በወለሉ ላይ ጉድጓድ ይቆፈር ቢባል የሥራው ክብደት ለማንም አይሰወርም። ጂራሶል በተባለው በአንጎላ ባሕር በሚገኘው የዘይት ስፍራ፥ ዘይት መውጣት የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፥ የውሃው ጥልቀት 1,350 ሜትር ያህል ነው። በወለሉ ያለው ግፊት እኛ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ከ130 እጥፍ ይበልጣል። ጠላቂ ሰው ስለማይደርስበት፥ የጉድጓዱን መዝጊያ የሚከፍተውና የሚዘጋው ከላይ ከመርከብ የሚታዘዝ መሣሪያ ነው። ከቅዝቃዜውም የተነሣ ጋዝና ውሃ እንደ በረዶ ረግተው ቧንቧውን እንዳይደፍኑት፥ ቧንቧው ሙቀት የሚጠብቅ ልባስ ይለብሳል።

ከቧንቧው ይልቅ የሚያስጨንቀው ግን ቋቱ ነው። ብዙ ሰው ዘይት ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ የተኛ ይመስለዋል፤ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬም «ታዲያ በትልቅ ፓምፕ ቶሎ ለምን አይጨርሱትም?» ሲል ጠይቆኛል። ዘይቱ ግን ውሃ በእንስራ ሸክላ ውስጥ እንደሚሰርግ ሁሉ፥ በድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል፤ ወደ ላይ የሚገፋውም በዚያው የታመቀው ግፊት ነው። ከልክ በላይ በፍጥነት የተቀዳ እንደ ሆነ ግፊቱ ይወድቃል፤ ከሥር ያለው ውሃ ዘይቱን ቀድሞ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ የቀረውም ዘይት በድንጋዩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በሌሎች ጉድጓዶች ውሃ ወደ ታች እየጨመሩ ግፊቱን ይጠብቃሉ፤ እየለኩም የአንዱን መዝጊያ ያጠባሉ፥ የሌላውን ያሰፋሉ።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካነ ሰላም በስተምሥራቅ፥ በወረ ኢሉ አገር ዘይት ከመሬት እየሰረገ መውጣቱ የታወቀ ነው። ያየውም ሁሉ ሀብቱ ነገ የሚቀዳ ይመስለዋል። በእርግጥ እንዲህ ያለ ዘይት ከታች ዘይት እንደ ተፈጠረ ይመሰክራል፤ ነገር ግን የቋቱ ክዳን እንደ ተሰነጠቀም ሊመሰክር ይችላል። የሚያፈስስ ጋን ምን ያህል እንደ ቀረበት በውጭ ያለ ሰው አያውቅም። በዚያውም ላይ የወሎን ደጋ የሸፈነው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፥ ከሥሩ ያለውን በድምፅ ሞገድ ለመመርመር እጅግ ያስቸግራል።

በኦጋዴን፥ በካሉብ፥ የአሜሪካው ቴኔኮ ኩባንያ የተፈጥሮ ጋዝ ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ነው። ጋዙን ወደ ፈሳሽነት የሚለውጠው ፋብሪካ የመጀመሪያ ክፍል የተመረቀው ደግሞ በ2025 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 52 ዓመት አለፈ፤ ያውም ካሉብ ደረቅ ምድር ነው፤ በላዩ አንድ ክንድ ባሕር የለበትም።