መርፌ ከማንሳቴ በፊት

(ዓርብ ከሰዓት አሽ-ሹቀይቅ ላይ ለእህቶች የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ "የጥልፉን ንድፍ ከየት ነው የምታመጪው?" ትሉኛላችሁ። ከየት እንደሚመጣ እኔም አላውቅም። እንዲመጣ ምን እንደማደርግ ግን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያበላሸሁትን። አንዲት እህታችን ለወንድሟ ሠርግ አገር ቤት ልትገባ የሐበሻ ቀሚስ አዘዘችኝ፣ ደረቱ ላይ መስቀል ያለው። ያን ቀን ቤቱ እንግዳ ሞልቶት ነበር። ሳጥብ፣ ስተኩስ አምሽቼ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በዚያው መርፌ አነሳሁ። እኔ ክፍሌ ነኝ፣ ልቤ ኩሽና ነው፤ ማዳም የጠራችኝ ይመስለኛል። ክሩን ሳልቆጥር ሰፋሁት። ሲነጋ ሳየው የመስቀሉ አንዱ ክንድ ከሌላው ረዝሟል። ልፈታው ስል ጨርቁ ተቀደደ። የጨርቁን ዋጋ ከደመወዜ ከፈልኩ፣ እሷ ግን ያለ ቀሚሱ ሄደች። ይቅር ብላኛለች፤ እኔ ነኝ ያልረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። እጄን ለብ ባለ ውሃ ታጥቤ ቅባት እቀባለሁ። ክሎሮክስ የዋለበት እጅ ሻካራ ነው፣ የሐር ክር ይይዛል። ቅባቱ እስኪገባ እጠብቃለሁ፤ አለዚያ ጨርቁ ላይ ይቀራል። የሥራ ልብሴን አውልቄ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አደርጋለሁ። ከቤት የመጣውን መልእክት ሰምቼ፣ መልሼ፣ ስልኩን ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ። የወንድሜን የትምህርት ወጪ እያሰላሁ ክር መቁጠር አልችልማ! ቡና እንዳልቆላ ማዳም ጭሱን አትወድም። ስለዚህ የተቆላ ቡና በጣሳ አስቀምጫለሁ፤ ከፍቼ አሸተዋለሁ። ትስቃላችሁ፣ ግን ይሠራል።

እናቴ ሰፌድ ልትሰፋ ስትል አለላውን ቀድማ ውሃ ትነክረዋለች፤ ደረቁ ይሰበራል። እስኪርስ ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር። ልጅ ሆኜ ሥራ የፈታች ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ካሬ ካሬ መስመር ያለው ደብተር እከፍታለሁ። አዲስ ነገር ወዲያው አልሞክርም። ከሽሮ ሜዳ ያመጣሁትን የነጠላዬን ጥለት፣ በቃሌ የማውቀውን፣ መጀመሪያ እስለዋለሁ። እጄ ሲፍታታ አዲሱን እጀምራለሁ። ግማሹን ብቻ ነው የምስለው፤ ሌላውን ግማሽ ከሱ እቆጥራለሁ። አንዴ ማዳም ከሠርግ ስትመለስ ፀጉሯ ላይ የነበረውን የፉል አበባ ሰጠችኝ። ያንን ሳሸት የመጣልኝ ጥልፍ ነው ብዙዎቻችሁ የወደዳችሁት።

እዚሁ ጎረቤታችን ዓሲር ውስጥ ሴቶች የእንግዳ ክፍላቸውን ግድግዳ በቀለም ያስጌጣሉ፤ አል-ቀጥ ይባላል። ዩኔስኮ በ2017 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ግድግዳው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በጄሶ ነጭ ይደረጋል፤ ባለቤቲቱም ዘመዶቿን፣ ትልቅም ትንሽም፣ ጠርታ አብረው ይሠራሉ። እኛ ዘመድ የለንም እንላለን እንጂ ይኸው አለን።

ይህን ሁሉ አድርጌ የማይመጣበት ሌሊት አለ። ያኔ እተኛለሁ፤ ጠዋት 11 ሰዓት መነሳት አለብኝ። እናንተም እንቅልፋችሁን ለጥልፍ ብላችሁ አትጨርሱ።

በሚመጣው ዓርብ ካሬ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። ቅባቱን እኔ አመጣለሁ።