የወሰን ጥበቃ በመረብ ድራይቨሮች ውስጥ



በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው የይፋት ቆላ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ውኃውን የሚለቀው መደቡ በሚችለው ልክ ነው። ከልኩ ያለፈ እንደሆነ ውኃው መደቡን ሰብሮ የጎረቤቱን ቡቃያ ያጥባል። ኮምፒዩተርን ከመረብ ጋር የሚያገናኙት ድራይቨሮችም እንዲሁ የሚገባውን መረጃ በተመደበለት የሜሞሪ ወሰን ውስጥ መጠበቅ አለባቸው። ድራይቨር የሚሠራው ከርነል በሚባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ስለሆነ፣ ወሰኑ ሲጣስ አደጋው ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ለመላው መሣሪያ ይተርፋል።

ጉዳዩን አንድ ምሳሌ ያስረዳልናል። በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. ኒኮ ዋይስማን የተባሉ ባለሙያ፣ በሊኑክስ ውስጥ ለሪልቴክ ዋይፋይ ቺፖች በሚያገለግለው ድራይቨር ላይ ለዓመታት ሳይታይ የኖረ ጉድለት ይፋ አደረጉ። በዋይፋይ እርስ በርስ በቀጥታ የሚገናኙ መሣሪያዎች ኃይል ለመቆጠብ መቼ ዝም እንደሚሉ በአጭር መልእክት ይነጋገራሉ። ድራይቨሩ የመልእክቱን ርዝመት ለ13 ባይት እያካፈለ በውስጡ ስንት መዝገብ እንዳለ ያሰላል፤ ለመዝገቦቹ ያዘጋጀው ቦታ ግን 2 ብቻ ነበር። ርዝመቱን የሚናገረው ደግሞ ላኪው ራሱ ነው። ስለዚህ በአቅራቢያው ያለ ተንኮለኛ ብዙ መዝገብ ቢልክ ትርፉ ባጠገቡ ባለው ሜሞሪ ላይ ይጻፋል። ላውራ አቦት ያቀረቡት እርማት፣ ቁጥሩ ከ2 ከበለጠ 2 ብቻ ይወሰድ የሚል አጭር ፍተሻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከውጭ የመጣ ቁጥር ሳይመረመር ሊታመን አይገባም። ሲ የተባለው ቋንቋ ይህን ምርመራ ለጸሐፊው ትቶታል፤ በታኅሣሥ ወር 2015 ዓ.ም. የወጣው ሊኑክስ 6.1 ራስት የተባለውን ቋንቋ የተቀበለበት አንዱ ምክንያትም ይህንኑ ሸክም ለማቃለል ነው። ይሁንና በሲ የተጻፉት ነባር ድራይቨሮች አሁንም ከእኛ ጋር ናቸው።

ሁለተኛ፣ እርማት ተጻፈ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ በደቂቃዎች የሚወርድ እርማት፣ መስመሩ በሚቆራረጥበት የቆላ ወረዳ ቢሮ ለወራት ሊዘገይ ይችላል። ስለሆነም በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ባለሙያዎች የእያንዳንዱን መሣሪያ የዋይፋይ ቺፕና የከርነል ቁጥር በመዝገብ እንያዝ፤ እርማቱንም አንድ ጊዜ አውርደን፣ ትክክለኛነቱን አረጋግጠን፣ በፍላሽ ዲስክም ቢሆን እስከ መጨረሻው ኮምፒዩተር እናድርስ። ወሰኑን የሚጠብቀው ፍተሻ ሥራውን የሚጀምረው እዚያ በተጫነ ጊዜ ብቻ ነውና።