የመንገድ መብራትና የጣርማ በር ሰማይ



ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር በሚደርሰው በእንጦጦ፣ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ መብራት እየበዛ በሄደ ቁጥር ደብዛዛ ከዋክብትን መመልከት አዳጋች ስለሚሆን፣ ባለሙያዎች ራቅ ብሎ የሚገኘውን በላስታ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ አጥንተዋል። ነገር ግን ከተማ ባደገ ቁጥር ተራራ እየለወጡ መሸሽ ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም።

ጣርማ በር ከወዲሁ ሊታሰብለት ይገባል። በአቅራቢያው የወፍ ዋሻ ደን ይገኛል፤ በስተ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ደብረ ብርሃን በፋብሪካዎቿ እየሰፋች ነው።

መብራት ይቅር ማለት አይደለም። ከላይ ያልተከለለ መብራት የብርሃኑን ከፊል ወደ ሰማይና ወደ ጎን ይበትናል፤ ይህም ለመንገደኛው አይጠቅምም። በጣርማ በር ጉም ውስጥማ የሾፌሩን ዓይን ያጭበረብራል። ስለዚህ መብራቱ ከላይ ተከልሎ ወደ መሬት ብቻ ያብራ፤ ሰማያዊ ብርሃን በአየር ውስጥ ይበልጥ ስለሚበተን፣ ቀለሙ ከ3,000 ኬልቪን አይብለጥ፤ ተላላፊ ሲቀንስም ኃይሉ ይቀነስ።

ይህ ሁሉ በጨረታ ሰነድ ውስጥ ከአንድ አንቀጽ አያልፍም። ምሰሶው ከቆመ በኋላ ግን እርማቱ ሁለተኛ ወጪ ነው። እንግዲህ የሌሊቱ ሰማይ አስቀድሞ የሚጠበቀው በመሐንዲሱ ንድፍ ላይ ነው።