ድልድዩ ሲሰበር ማን ያሻግራል?

ከቢቸናና ከሞጣ የመጣችሁ የዛሬ ምሩቃን፤

ዛሬ የምናገረው አደጋ ሲመጣ ሥራ እንዴት እንደማይቋረጥ ነው። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ከሞጣ ወደ ጎንደር ማዶ የሚያሻግረውን ሰባራ ድልድይ ታውቁታላችሁ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በዐባይ ላይ በድንጋይ የታነጸ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላትን መንገድ ለመቁረጥ አርበኞች መካከሉን እንዳፈረሱት ይነገራል። ለሀገር ሲባል የተደረገ ነው፤ አከብራቸዋለሁ። ጠላት ከወጣ በኋላ ግን ክፍተቱ ለአሥርተ ዓመታት ሳይዘጋ ኖረ። ገበያተኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ከታች ወንዙ እየጋለበ ይሻገር ነበር። ሕዝባችን መላ አላጣም፤ መላው ግን በነፍስ የሚከፈል ነበር።

አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ የዚህን መሻገሪያ ፎቶ በመጽሔት አይቶ ተነሣና እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2005 ክረምት ዐባይ ሞልቶ ብረቱን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተሠራው ግን በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ፣ ከሙላቱ ከፍ ያለ ድልድይ ነው። ልብ በሉ፤ ድልድዩን መጀመሪያ ያፈረሰው ጦርነት፣ ኋላ የወሰደው ጎርፍ ነው። የትናንቱን ጉዳት ብቻ አይቶ የሚጠግን ሰው ለነገው አልተዘጋጀም።

የሚሰበረው የድንጋይ ድልድይ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙን ሲያሻሽል በተፈጠረ ስህተት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ወጣ፤ አገልግሎቱም ለሰዓታት ቆመ። ያን ቀን ምንም ያላጠፋው ደንበኛም የገዛ ገንዘቡን ማውጣት አልቻለም።

እናንተ ነገ የምትገቡበት መሥሪያ ቤት ከዚህ አይለይም። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል። ባለጉዳይ ከገጠር በእግሩ መጥቶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ መቀበል የለብንም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ መብራትም ኔትወርክም እያለ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ፣ የኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሆኖ፣ ያ ሰው ለቅሶ ሲሄድ ሥራው ሁሉ የሚቆምበት ቢሮ ነው። እሱን ማስተካከል በጀት አይጠይቅም፤ ለሁለተኛ ሰው ማስተማር ይበቃል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሥራ በጀመራችሁበት ሳምንት ጠይቁ። የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር መብራት ሳይጠፋ ተነሥቶ ተሞክሯል? የመዝገቡ ቅጂ ሌላ ሕንፃ ውስጥ አለ? ተከፍቶስ ታይቷል? ሲስተሙ ሲቆም ባለጉዳዩ የሚስተናገድበት የወረቀት ቅጽ ተዘጋጅቷል? አለቃችሁ ቅር ቢለውም በአክብሮት ደግማችሁ ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ ራሳችሁ ጀምሩት።