ከዳጉ እስከ ሬዲዮ፤ ጆሮ የሚይዝ ታሪክ
(በአዋሽ ሰባትና በሰመራ ለሚገኙ የሚኒ ሚዲያና የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሬዲዮ ፊቸር ነው። ዜና ምን እንደተፈጠረ በአጭሩ ነግሮን ያልፋል። ፊቸር ግን ጉዳዩን በሰው ሕይወት ውስጥ ያሳየናል፤ የባለታሪኩን ድምፅ፣ የአካባቢውን ድምፅና የአቅራቢውን ትረካ አዋህዶ ያቀርባል። ታዲያ አድማጭ እስከ መጨረሻው እንዲከታተለን ምን እናድርግ?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አፋር ምድር ሬዲዮ ሳይገባ ዳጉ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ሰላሙ ይጠያየቃሉ። ሰሚው የተነገረውን ዝም ብሎ አይቀበልም። በዓይንህ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? ከማን ሰማህ? የት? ይላል። ሐሰት ያወራ ሰው ይነወራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዳጉ የሚደመጠው ለሰሚው ኑሮ ስለሚጠቅም፣ ሰውየውና ቦታው ስለሚታወቅ፣ ደግሞም እውነት ስለሆነ ነው። ለፊቸርም ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም።

አንደኛ፣ ከአንድ ሰው ጀምሩ። ብዙ ጊዜ እንዴት እንደሚጀመር ታውቃላችሁ፤ «ኤች አይ ቪ/ኤድስ አምራች ኃይሉን የሚያጠቃ ወረርሽኝ መሆኑ ይታወቃል…»። ከታወቀማ ለምን ይነግረኛል? ይልና አድማጩ ጣቢያ ይቀይራል። በዚህ ፈንታ አዋሽ ሰባት ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት «እኔ የምነሳው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ሾፌሮቹ ሳይነሱ ውሃው መፍላት አለበት» ብላ ትጀምር እንበል። ጆሯችን ወዲያው ይቆማል። ማን ናት? ምን ልትነግረን ነው? እንላለን።

አገራችን በዚህ ረገድ ጥሩ ልምድ አላት። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ተከታታይ ድራማ 257 ክፍሎች ነበሩት። ሰው ቀጠሮ ይዞ ያዳምጠው የነበረው ገጸ ባሕርያቱ ነገ ምን ይሆኑ ይሆን ብሎ ስለሚጨነቅ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው «ቤተኛ» ደግሞ ልብ ወለድ አልነበረም። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖች የራሳቸውን ውሎ በራሳቸው አንደበት ተረኩ። ስለ እነሱ ሲወራ የኖረው ጉዳይ በእነሱ አፍ ሲነገር ክብደቱ ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ ቦታው ይሰማ። ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የጅቡቲ መንገድ ነው። የከባድ መኪና ሞተር፣ የረዳቱ ጩኸት፣ የስኒ ኳኳታ፣ የሰመራ ንፋስ፣ መንገድ የሚያቋርጡ ፍየሎች፤ እነዚህን በሞባይላችሁ ቅረጹ። አስር ሰከንድ ይበቃል። ባለታሪኳ አፋርኛ ተናጋሪ ከሆነች መጀመሪያ በራሷ ቋንቋ ትሰማ፤ ከዚያ ትርጉሙ ይከተል። ድምፅ የነገረንን ግን በትረካ አትድገሙት። መኪናው እየተሰማ «አሁን መኪና እያለፈ ነው» ማለት ምን ይጠቅማል?

ሦስተኛ፣ ለጆሮ ጻፉ። አንባቢ ያልገባው ነገር ካለ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል። ሬዲዮ የሚሰማ ሾፌር ግን መመለሻ የለውም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ ቁጥር አታብዙ። ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ካጠራችሁ ቁረጡት።

አራተኛ፣ አትስበኩ፤ አትመኑኝ ካላችሁ ራሳችሁን ሲሰበክላችሁ አስቡት። በፊት በፊት በራሪ ወረቀቱ ሁሉ አጽም ይሳልበት ነበር። ፍርሃቱ ብዙ ሰው ከምርመራ አሸሸ፤ መገለልንም አባባሰ። አድማጭ የሚፈልገው የሚሠራበትን እውነት ነው። ለምሳሌ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህን ባለታሪኳ በኑሮዋ ስትነግረን፣ ከአስር መፈክር ይበልጣል።

አምስተኛውና ዋናው አደራ ነው። በአንድ ከተማ፣ የትኛው እንደሆነ አልጠራም፣ ምግብ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ታሪኳን ለአንድ ዝግጅት ሰጠች። ስሟ ተቀይሮ ነበር። ድምጿ ግን አልተቀየረም። የልጆቿ ቁጥርና የምትሸጥበት ሰፈርም ተነገረ። ዝግጅቱ ግሩም ነበር፤ ሰው ሁሉ አወራለት። በሳምንቱ ደንበኞቿ ቀሩ።

ወጣቶች፣ እንደኛ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ድምፅ ማለት ፊት ማለት ነው። ታሪኩ ሕያው በሆነ ቁጥር ባለታሪኩ ይበልጥ ይታወቃል። ይህን ሁለቱን ማስታረቅ የእናንተ ሥራ ነው። ከመቅረጻችሁ በፊት የት እንደሚተላለፍና ማን ሊሰማው እንደሚችል በግልጽ ንገሩ። ከቀረጻችሁ በኋላ አሰሟት። «ይህቺ ትውጣ» ካለች ይውጣ፣ ምንም ያህል ብታምር። ድምጿ እንዲሰማ ካልፈለገች ሌላ ሰው ያንብብላት፤ ይህንንም ለአድማጭ ንገሩት። ሐሳቧን ከቀየረች ዝግጅቱ ይቅር።

ዳጉ የሚያደርስ ሰው ቃሉን የሰጠውን ሰው ነገ መንገድ ላይ ያገኘዋል። እናንተም ታሪኳን የሰጠቻችሁን ሴት ነገ ሻይ ልትጠጡ ስትሄዱ ታገኟታላችሁ። ያን ጊዜ ቀና ብላችሁ ሰላም እንድትሏት ሆናችሁ ሥሩ።