በልምምድ ላይ ሳሉ ያለፉትን ስናስብ

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



በጦር ሜዳ ስለ ወደቀ ሰው ብዙ ይነገራል፤ ሐውልትም ይቆምለታል። በሰላም ጊዜ ሥራውን ሲለማመድ የሞተ ግን ቶሎ ይረሳል። ይባስ ብሎም ሰዎች ጥፋቱ የራሱ ነው እያሉ የቤተሰቡን ሐዘን ድርብ ያደርጉታል። ስለዚህ ዛሬ አንድ የታወቀ ታሪክ አንሥተን አብረን ልናስብ ወደድን።

ካራ ሀልትግሪን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሌተናንት ነበረች። ሴቶች በተዋጊ አውሮፕላን ለውጊያ እንዳይመደቡ የሚከለክለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1993 ከተነሣ በኋላ፣ ኤፍ 14 የተባለውን አውሮፕላን ከመርከብ ላይ ለማብረር የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት እርስዋ ሆነች። በመጀመሪያው ፈተና አልተሳካላትም ነበር፤ ዳግመኛ ተፈትና ግን እ.ኤ.አ. በ1994 አለፈች።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1994 ከሳን ዲዬጎ ባሻገር በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ አብርሃም ሊንከን በተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ለማረፍ ትቃረብ ነበር። ውጊያ አልነበረም፤ ልምምድ ነበር። አውሮፕላኑ የማረፊያውን መስመር ስላለፈ ልታቃናው ስትሞክር የግራው ሞተር ኃይሉን አጣ፤ አውሮፕላኑም ወደ ግራ ይገለበጥ ጀመር። ከኋላዋ የነበረው ባልደረባዋ የማምለጫውን መሣሪያ ሳበ። ወንበሮቹ የሚወነጨፉት ተራ በተራ ነው፤ አስቀድሞ የኋላው፣ ቀጥሎ የፊቱ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ግማሽ ሰኮንድ አይሞላም። እርሱ ተረፈ። የእርስዋ ወንበር ሲወጣ ግን አውሮፕላኑ ተገልብጦ ስለነበር ወደ ባሕሩ ተወረወረች። ዕድሜዋ 29 ዓመት ነበር። አስከሬንዋ ኋላ ከጥልቁ ወጥቶ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ዐረፈ።

ብዙም ሳይቆይ ወሬ ተነሣ። ስማቸውን የደበቁ ሰዎች፣ ሴት በመሆንዋ ብቻ ሳትበቃ አሳልፈዋት ነው የሚል ነገር ለጋዜጠኞች አደረሱ። እናትዋ በሐዘን ላይ ሳለች የልጅዋን የሥልጠና ውጤት ለሕዝብ ለማሳየት ተገደደች። ባሕር ኃይሉ በይፋ ያወጣው ምርመራ የሞተሩን ብልሽት አመለከተ፤ ለውስጥ ሥራ የተዘጋጀው ሌላ ዘገባ ደግሞ የአብራሪዋንም ስሕተት አነሣ። ክርክሩም ለብዙ ጊዜ ቆየ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛ፣ በሙታን ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ጌታችን ሲናገር፣ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ አልተቀበለም። የሚሰሙትን ወደ ራሳቸው እንዲመለከቱ አደረጋቸው።

ሁለተኛ፣ አለመፍረድ ማለት አለመመርመር ማለት አይደለም። የእርዳታ መኪና ገደል በገባ ጊዜ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለን መዝገቡን ብንዘጋ፣ ነገ በዚያው መንገድ የሚሄደውን ሾፌር አሳልፈን እንሰጣለን። ፍሬኑ መቼ ታየ? ጭነቱ ስንት ነበር? ሾፌሩ ሌሊቱን ተኝቶ ነበር ወይ? የላክነው እኛ አይደለንም ወይ? ይህን መጠየቅ እምነት ማጣት ሳይሆን ወንድምን መውደድ ነው። እውነቱ የሟቹን ስሕተት ቢያሳይ እንኳ፣ ስሕተቱ የሕይወቱን ሁሉ ዋጋ አይሰርዝም።

ሦስተኛ፣ የቀሩትን እናስብ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የበደሉት ምክንያቱን እናስረዳህ ባሉ ጊዜ ነው። በእኛም ዘንድ ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ ለቀስተኛው ብዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እናት ብቻዋን ትቀራለች። ከአደጋው የተረፈውም ባልደረባ «እንኳን ተረፍህ» ተብሎ ይታለፋል፤ ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚያይ የሚጠይቀው የለም። ሽማግሌዎችና ዲያቆናት ሆይ፣ እነዚህን ሁለቱን ጎብኙ፤ በወሩም በዓመቱም ጎብኙ፤ የሟቹንም ስም ሳትፈሩ ጥሩ።

በታላቅ ቀን የወደቀውንም ሆነ ማንም በማያስታውሰው ቀን በሥራው ላይ ያለፈውን እግዚአብሔር በስሙ ያውቀዋል። እኛም እንዲሁ እንድናስብ ጌታ ይርዳን። አሜን።