ለተጨነቁ ልጆቻችን ስለሚገባው ምክር
(በደብራችን የ50ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጭንቀት እናገር ዘንድ መነሣቴ ያለ ጊዜው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዛሬ ነጭ ለብሰው ሲዘምሩ ካየናቸው ወጣቶች አንዳንዶቹ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥተው ያደሩ ስለ ሆኑ፥ ዝም ማለት አልቻልሁም።

የጭንቀታቸው ምክንያት ብዙ ነው፤ እኔ አንዱን ብቻ እጠቅሳለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. የተፈተኑትም ዕድላቸው እንደዚሁ ሆነ። ይህን እያወቀ ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ልቡ ቢመታ፥ ሆዱ ቢታወክ፥ መጽሐፉን ገልጦ አንድ ቃል ማስተዋል ቢሳነው፥ ሰነፍ ነው ልንለው አይገባም።

እኔ ራሴ በዚህ ነገር በድያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪዬ ጓደኞቹ ከሄዱ በኋላ ቀርቶ፥ «መምህር፥ ልቤ ይመታል፤ እንቅልፍም የለኝም» አለኝ። እኔም ለመሄድ ቸኵዬ ስለ ነበር፥ «አይዞህ፥ ጸልይ፥ ሰነፍ አትሁን» ብዬ አሰናበትሁት። ጸልይ ማለቴ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ሳልሰማ መለስሁ። ልጁም ሁለተኛ ወደ እኔ አልመጣም፤ ትምህርቱንም መተዉን በኋላ ከሰው ሰማሁ።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ፥ ዘለፋ አልመጣበትም። አስቀድሞ ተኛ፤ መልአኩም ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞ ተኛ፥ ደግሞም በላ። ምን እንደሚያደርግ የተጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እርሱም የልቡን ተናገረ። እንግዲህ የመምከር ሥርዓት ከዚህ ይታወቃል፤ ይኸውም አስቀድሞ ማሳረፍ፥ ቀጥሎ መጠየቅና መስማት፥ በመጨረሻም መናገር ነው።

ስለዚህ የንስሐ አባቶች ሆይ፥ ልጁ ወደ እናንተ ሲመጣ ነገሩን እስኪጨርስ ታገሡት። ወላጆችም ሆይ፥ ከጎረቤት ልጅ ጋራ አታስተያዩት። ጭንቀቱ ለሳምንታት የቈየ፥ እንቅልፍና ምግብም የከለከለው እንደ ሆነ፥ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለአእምሮ ሕክምና የታወቀ ነው። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ። «ብሞት ይሻለኛል» ሲል የሰማችሁት እንደ ሆነ ግን፥ ቃሉን እንደ ቀልድ አትለፉት። ራሱን ሊጐዳ አስቦ እንደ ሆነ በግልጥ ጠይቁት፤ መጠየቃችሁ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውንም ሳትተዉት በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም አድርሱት።

በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ ባሪያ አርነት የሚወጣበት ዓመት ነበረ። እኛም በዚህ ዓመት እያንዳንዳችን አንድ ልጅ ሳንቸኵል ብንሰማ፥ በዓሉን በሚገባ አከበርን ማለት ነው። ያም ተማሪዬ ይህ ቃል ደርሶት እንደ ሆነ፥ ዛሬ ልሰማው እንደምወድ ይወቅልኝ።

እግዚአብሔር የልጆቻችንን ልብ ያሳርፍ። አሜን።